ሴትዮዋና የበረከቱ ሳጥን

«ይሄ ምንድነው?» አለች ማሪት። ከድንኳኑ ውስጥ ያወጣችውን ትንሽ ቱቦ በሁለት ጣቷ ይዛ በድንኳኑ ባለቤት አፍንጫ ስር አቆመችው።

«የጥርስ ሳሙና ነዋ!»

«ምን ምን ይሸታል?»

ጎረምሳው ግራ ገባው። ጢሙ ደረቱን ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ከሜክሲኮ ድንበር ጀምሮ በእግሩ የመጣ ሰው ነው። በዚህ ረጅም የእግር መንገድ ላይ ማንም ተጓዥ እናቱ ባወጣችለት ስም አይጠራም። እሱን «ሁለት ማንኪያ» ነው የሚሉት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ከጠየቅካቸው ታሪኩ አያልቅም።

«ናና» አለ በመጨረሻ።

«ላንተ ናና ነው። ለእሷ እራት ነው። ጣሳው ውስጥ ክተተው።»

«ጣሳው ሞልቷል እኮ፣ እመቤት።»

«እንግዲያው ብላው።»

ሳቀ። ማሪት አልሳቀችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ሁለት ማንኪያም እየተነጫነጨ ጣሳውን ዘርግፎ፣ ኑድል የሚሉትን ደረቅ ፓስታ ሰባብሮ፣ የለውዝ ቅቤውን ጠቅጥቆ፣ የጥርስ ሳሙናውን በመካከላቸው ወሸቀው። ክዳኑን በጉልበቱ ተጭኖ ዘጋ። ከዚያም ከድንኳኑ በጣም ርቆ፣ ገደልም ወንዝም በሌለበት ደልዳላ ቦታ ላይ አስቀመጠው፤ ድብ እያንከባለለች ገደል እንዳትሰደው።

እኔ ኤልደን እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ነው የኖርኩት፤ ስለዚህ የሰው ልጅ ምግብ የት የት እንደሚደብቅ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየበጋው ከማሪት ጋር በነፃ እሠራለሁ። እሷ የተራራው ጠባቂ ናት። የኔ ሥራ ድብ የምንከታተልበትን አንቴና መሸከምና መነጫነጭ ነው። ሁለተኛውን ያለ ደመወዝ በደንብ እችልበታለሁ።

በኛ ተራራ ሕጉ አጭር ነው። የሚበላና የሚሸት ነገር ሁሉ ድብ የማትከፍተው ጠንካራ ጣሳ ውስጥ ይገባል፤ ጣሳውም ከሚተኛበት ቦታ ይርቃል። ተጓዦቹ ይሄን ጣሳ እንደ ጠላት ነው የሚያዩት። ሸክም ለማቅለል የጥርስ ብሩሻቸውን እጀታ ቆርጠው የሚጥሉ ሰዎች ናቸው፤ በላዩ ላይ ይሄ ጓዝ ሲጨመርባቸው ይታያችሁ። ቢሆንም ይሸከሙታል። እየረገሙትም ቢሆን ይሸከሙታል።

ማሪት «እሷ» ስትል ሴትዮዋን ማለቷ ነው። ለድብ ስም ማውጣት ክልክል ነው፤ ጆሮዋ ላይ ቁጥር ተሰክቶባታል፣ በቁጥሯ መጠራት አለባት። ማሪት ግን «ሴትዮዋ» ትላታለች፤ ይሄ ስም አይደለም ብላም ትከራከራለች። ሴትዮዋ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ተጓዦች ተኝተው ሳለ ቦርሳቸውን ወስዳ ቋሊማና ቸኮላት በላች። ያን ቀን ተበላሸች። ድብ አንዴ የሰው ምግብ ከቀመሰ ሥር መቆፈርና ጉንዳን መላስ ሞኝነት ይመስለዋል። ይሄን ለመረዳት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም፤ እኔም ብሆን ሥር አልቆፍርም።

ጭነው ሩቅ ወስደዋት ነበር፣ ሁለት ተራራ አሻግረው። መኪናውን የነዳው ሰው እረፍቱን ሳይጨርስ ተመልሳ መጣች። ከዚያ በኋላ አለቆቹ ቁርጡን ተናገሩ፦ አንድ ድንኳን ውስጥ ከገባች ትገደላለች።

ማሪት ግን እጅ አልሰጠችም። በድቧ አንገት ላይ የታሰረው ሬዲዮ በሚያሰማው ድምፅ እየተመራች፣ ሴትዮዋ ወዳለችበት ሰፈር ሁሉ ቀድማ እየደረሰች፣ የሰውን ጣሳ ስትፈትሽ ዓመታት አለፉ። ድቧ ወደ ሰው ከቀረበች ትጮህባታለች። የማሪት ድምፅ እንዲህ የዋዛ አይደለም፤ የሰማ ሁሉ ሰው የታረደ ይመስለዋል። ባስ ካለም መቀመጫዋን በላስቲክ ጥይት ትላታለች። ሴትዮዋ የማሪትን ድምፅ ስትሰማ ጭራዋን ቆልፋ መሮጥ ለመደች። ፍቅራቸው ይሄ ነበር። አትሳቁ፤ ፍቅር ነው።

በዚህ ዓመት ደግሞ ሴትዮዋ ከክረምት እንቅልፏ ግልገል አስከትላ ወጣች። አንድ ብቻ፣ ጆሮው ከራሱ የሚበልጥ።

«ይሄን በጋ ብቻ» አለችኝ ማሪት። «ይሄን አንድ በጋ የሰው ምግብ ሳትነካ ካለፈች፣ እሱ ከእሷ የሚማረው ሥርና ጉንዳን ብቻ ይሆናል። እሱ ንጹህ ይሆናል፣ ኤልደን።»

«ካላለፈችስ?»

«አንተ አፍህን ብትዘጋ ታልፋለች።»

ለጥቂት ሳምንታት አፌን ዘጋሁ ማለት ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ነገሩ የሚሆን መስሎ ነበር። ተጓዦቹ ተገሥጸው ይሁን ፈርተው፣ ሁሉም ጣሳቸውን ይዘጉ ነበር። ድንጋይ ሦስት ከሚባለው መስክ ማዶ ሆነን አንድ ቀን ማለዳ ሴትዮዋን አየናት። የሰው ጣሳ አግኝታ አንከባለለችው፣ ነከሰችው፣ ቆመችበት። አልከፈት አላት። ከዚያ ትታው ሄደችና አንድ የበሰበሰ ግንድ ገልብጣ ጉንዳን መላስ ጀመረች። ግልገሉ ጣሳው ላይ ትንሽ ተቀመጠና እሱም ተከትሏት ሄደ።

ማሪት ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «አየሃት? ተወችው! አየሃት ወይ?»

እያለቀሰች ነበር። እኔ መልካም ዜና አላምንም፤ ግን እሷን እያየሁ ተነጫንጬ ደስታዋን ማበላሸት አልሆነልኝም። «አየሁ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው የሬዲዮው ድምፅ አንድ ቦታ የቆመው። መንገዱ የመኪና ኮረኮንች የሚያቋርጥበት፣ መሻገሪያው የምንለው ቦታ አለ። እዚያ ውሃ የለም፣ ሰው አይሰፍርም፣ ለድብ የሚሆን ፍሬም የለም። ሴትዮዋ ግን ከዚያ አካባቢ አልነቃነቅም አለች። አንቴናውን ባዞርኩት ቁጥር ድምፁ ከዚያው ነው የሚመጣው።

«ምን አገኘች?» አለች ማሪት። ፊቷ ተለዋወጠ።

ወደዚያው ስንገሰግስ ከወዲያ በኩል የምትመጣ አንዲት ተጓዥ አገኘን። «ሹሩባ» ነው የሚሏት። እያፏጨች ነበር፤ በእጇ የተገመጠ ኮክ ይዛለች። ትኩስ ኮክ፣ ጭማቂው ክርኗ ድረስ የሚወርድ። የቅርቡ ገበያ ቀናት የሚያስኬድ መሆኑን አስቡ።

«ኮኩን ከየት አመጣሽው?» አለች ማሪት።

ሹሩባ ኮኩን ወደ ኋላዋ ደበቀችው። ጎልማሳ ሴት ናት፣ ኋላ እንደሰማሁት ነርስ ናት፤ ግን ልክ አውቶቡሴ ውስጥ ማስቲካ ሲያኝኩ እንደያዝኳቸው ልጆች ሆነች።

«ሰው ሰጠኝ።»

«የምን ሰው?»

«ጥሩ ሰው» አለችና አንገቷን ደፋች።

ወዲያው ገባኝ። እዚህ መንገድ ላይ በረከት የሚሉት ነገር አላቸው። አንዳንድ ደጋግ ሰዎች መኪና በሚደርስበት ቦታ በበረዶ የተሞላ ሳጥን አስቀምጠው ይሄዳሉ፤ ውስጡ ፍራፍሬ፣ አይብ፣ የሚቀዘቅዝ መጠጥ። ለማያውቁት መንገደኛ ነው። ወራት ሙሉ ኑድል የበላ ሰው ያንን ሳጥን ሲያገኝ ተንበርክኮ ያለቅሳል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠባቂ ካየው ግን ያነሳዋል። ስለዚህ ተጓዦቹ ለኛ አይናገሩም። የጥርስ ሳሙናቸውን እንኳን ጣሳ ውስጥ የሚቆልፉ ሰዎች፣ ለድብ ፍርፋሪ የማይጥሉ ሰዎች፣ ይሄን አንድ ነገር ግን ተማምለው ይደብቃሉ። ከኋላቸው ለሚመጣው ወንድማቸው እንዳይቀርበት ብለው።

ደግነት ነው። እኔ በደግነት ላይ ያለኝን ቅሬታ ብዙ ሰው አይወድልኝም።

ሳጥኑን ከዛፍ ጥላ ስር አገኘነው። ክዳኑ ተገንጥሎ ወዲያ ወድቋል። የአይብ ወረቀት፣ የቋሊማ ላስቲክ፣ የኮክ ፍሬ መሬቱን ሞልቶታል። በሳጥኑ ጠርዝ ላይ ትልልቅ የጥርስ ምልክት አለ። አጠገቡ ደግሞ ትንንሽ። ማሪት ተንበርክካ ትንንሾቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው።

«እሱም በልቷል» አለች።

ቆሻሻውን መልቀም ጀመርኩ።

ከሳጥኑ ጎን «ለመንገደኞች ሁሉ፣ በኔድ ስም። ብሉ፣ ጠጡ» የሚል ሰሌዳ ተተክሎ ነበር። ነቅዬ ልሰብረው ስል ማሪት ከእጄ ወሰደችው።

በማግስቱ በመገናኛ ሬዲዮ ጠሩን። ከመሻገሪያው አለፍ ብሎ የአንድ ሰው ድንኳን በጠራራ ፀሐይ ተቀድዷል። ስንደርስ ሁለት ማንኪያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትከሻውን በጨርቅ ይዟል። እግሩን አሞት ጋደም ብሎ ነበር። ሴትዮዋ የድንኳኑን ጎን በአንድ ምት ቀድዳ ገባች። ስትገባ ጥፍሯ ትከሻውን ቧጨረው፤ ቁስሉ ጥልቅ አይደለም። ሲጮህ ወጣች።

«ምንም አልነበረኝም!» አለን ገና ሳንጠይቀው። «ጣሳዬ ያውና፣ እዚያ ማዶ! ዝግ ነው! የጥርስ ሳሙናውም ውስጡ ነው! ሂጂና እይው!»

ማሪት ሄዳ አየች። ልክ ነበር። ሁሉም ነገር እንዳስተማረችው ነበር።

«ከሳጥኑ በልተሃል?» አለችው።

ዓይኑን ከእሷ አሽሽቶ የትከሻውን ጨርቅ አስተካከለ።

«ሁለት ማንኪያ፣ በልተሃል ወይ?»

«አንድ ሳንድዊች።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትወስጂዋለሽ ብዬ ነዋ! ከኔ በኋላ ስንት ሰው አለ። እኔ በልቼ ለእነሱ ልዝጋባቸው?» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ልትገድሏት ነው አይደል? በኔ ነው?»

«ባንተ አይደለም» አለች ማሪት። «አንተ ጣሳህን ዘግተሃል።»

ሴትዮዋ ወደዚያ ድንኳን የገባችው የሚሸት ነገር ኖሮ አይደለም። ሰው ያለበት ቦታ ሁሉ ያልተቆለፈ ነገር እንዳለ ሳጥኑ ስላስተማራት ነው። ማሪት ዓመታት የፈጀችበትን ትምህርት ሳጥኑ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ አጠፋው።

አለቃዋ በሬዲዮ ትእዛዙን ሲነግራት ድምፁ ለስላሳ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። «አዝናለሁ፣ ማሪት። ሌላ ሰው ልላክልሽ?»

«አይ፣ እኔው ነኝ።»

«ግልገሎችን የሚያሳድጉበት ቦታ ስለሞላ አንቀበለውም ብለውኛል። ራሱን ችሎ ሊኖር ይችላል አሉ፣ ከሰው ከራቀ።»

«ከሰው ከራቀ» አለች ማሪትና ሬዲዮውን አጠፋችው።

ጎህ ሲቀድ አብሬያት ወጣሁ። አንድ ነገር ልላት ፈልጌ ነበር፤ ሳይሆንልኝ «አንቺ ብትተዪው ማን ይወቅስሻል?» አልኳት።

«ከኔ ድምፅ እንድትሸሽ ነው ያስተማርኳት» አለችኝ። «ሌላ ሰው ቢመጣ አቁስሏት ታመልጠዋለች። እኔ ዛሬ ዝም ብዬ ነው የምቀርባት።»

ዝም ብላ ቀረበቻት። ሴትዮዋ የግንድ ቅርፊት እየላጠች ነበር፤ ጉንዳን ፍለጋ ይመስለኛል፣ ባይሆን ይሻለኝ ነበር። ቀና ብላ ማሪትን አየቻት። ጩኸቱን ጠበቀች። ጩኸት የለም። የሚሮጥበትን ምክንያት እንዳጣ ሰው ግራ ተጋብታ ቆመች። አንድ ጥይት ብቻ ነበር። ግልገሉ ዛፍ ላይ ወጣ።

ከዚያ ያለውን አልተርከውም። ረጅምና ከባድ ሥራ ነው። ጨርሰን ወደ መሻገሪያው ስንመለስ ማሪት ሬዲዮው ያለበትን የሴትዮዋን የአንገት ማሰሪያ በእጇ ይዛ ነበር። የተሰባበረውን ሳጥን ልንወስድ ስናነሳ አንድ አሮጌ ጭነት መኪና ኮረኮንቹን እያስጮኸ መጥቶ አጠገባችን ቆመ።

«ቀድማችሁን ጨረሳችሁት እንዴ?» አለች በመስኮቱ አንገቷን ያወጣች አሮጊት። ነጭ ፀጉሯ ተጎንጉኗል፣ ፊቷ ሁሉ ሳቅ ነው። ሎሬና ትባላለች። መሪውን የያዘው ባሏ ቨርጂል ነው። ከኋላ ሁለት አዳዲስ ሳጥኖች ጭነዋል።

ወርዳ መጥታ የእኛን ሳጥን አየችው። «ውይ! ድብ ነው?»

«ድብ ነው» አለች ማሪት።

«ቨርጂል! ቨርጂል፣ ና እይ! ድብ በልቶልናል! ጥርሱን እየው፣ የትንሽዬም አለ! ኔድ ይሄን ቢሰማ በሳቅ ይሞት...» አቋረጠችው። እጇ ወደ አፏ ሄደ።

ደሜ ፈላ። አፌ ላይ የመጣውን ብናገረው ኖሮ ዛሬም አይቆጨኝም ነበር፤ ማሪት ግን ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

«ኔድ ልጃችሁ ነው?» አለቻት።

«ብቸኛ ልጃችን ነበር። መንገዱን ሙሉውን ተጉዞታል። እዚህች ቦታ ሲደርስ ምግቡን ጨርሶ ተርቦ ነበር። የማናውቀው ሰው ሐብሐብ አስቀምጦ አገኘ። ‹እማ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ› አለኝ በስልክ። በቀጣዩ ክረምት የደም በሽታ ወሰደው።» ሳቋ እንደገና መጣ፣ ግን ያልተረጋጋ ሳቅ። «ስለዚህ በየበጋው እንመጣለን። ዘንድሮ አብዝተን ነው ያመጣነው። ድቦቹም ከወደዱት ምን ቸገረን፣ ልጄ? እነሱም የእግዜር ናቸው።»

ቨርጂል አልሳቀም። የማሪትን ጠመንጃ እያየ ነበር፤ ከዚያም በእጇ ያለውን ማሰሪያ። «ያ ምንድነው?» አለ።

መዋሸት ትችል ነበር። ብትዋሽ እነዚህ ሰዎች ልጃቸውን በሰላም እያነሱ ይኖራሉ። አጠገቧ ቆሜ እንድትናገር ፈለግኩ፣ ፊታቸውን ሳይ ደግሞ እንዳትናገር ፈለግኩ።

«የበላችው ድብ አንገት ላይ የነበረ ነው» አለች ማሪት። «ከዚህ ሳጥን ከበላች በኋላ ሰው ድንኳን ውስጥ ገባች። ዛሬ ጠዋት ገደልኳት።»

«በኛ ሳጥን?» አለች ሎሬና።

«በዚህ ሳጥን።»

ሎሬና የምትይዘው ነገር ፈልጋ የመኪናውን በር ያዘች። ቨርጂል ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ጨበጠው። ያን ያህል ሰዓት የተሸከምኩት ንዴት ማረፊያ አጣ፤ እነዚህ ሰዎች ላይ ልጥለው አልቻልኩም፣ ይዤው ቀረሁ።

በዚህ መሀል ግልገሉ መጣ። ከቁጥቋጦው ወጥቶ፣ አፍንጫውን ወደ መኪናው አንስቶ፣ አዳዲሶቹን ሳጥኖች እያሸተተ። የኛን መኖር ከቁም ነገርም አልቆጠረው።

«ትንሹ እሱ ነው?» አለች ሎሬና በሹክሹክታ። እጇ ሳይታዘዝ የሳጥኑን ክዳን ከፍቶ ዳቦ አወጣ። «እናት የለውም። አንዴ ብቻ፣ ልጄ። አንዴ ብቻ ይብላ።»

«ከሰው እጅ አንዴ ከበላ በሚቀጥለው ዓመት እሱንም የምገድለው እኔ ነኝ።»

ማሪት ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ያ ተራራውን የሚያስደነግጠው ድምፅ አልወጣም፤ የተሰነጠቀ ትንፋሽ ብቻ። እንደገና ሞከረች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሳችና የሎሬናን ዳቦ ተቀብላ በምትኩ ድንጋዩን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

«እርስዎ ይወርውሩት» አለቻት። «ከእርስዎ እጅ ክፉ ነገር እንደሚመጣ ይወቅ። የሚያድነው ይሄ ብቻ ነው።»

ሎሬና ባሏን አየችው። ቨርጂል ዓይኑን ወደ ሌላ መለሰ። አሮጊቷ ጥርሷን ነክሳ፣ እያለቀሰች፣ ባላት አቅም ወረወረች። ድንጋዩ ግልገሉ ጋ ሳይደርስ መሬት ላይ ወደቀ።

ግልገሉ ሮጦ መጣ። ድንጋዩን አሸተተው፣ በእጁ ገለበጠው፣ ላሰው። ከዚያ ቀና ብሎ የሎሬናን እጅ ማየት ጀመረ።

«ይድገሙት» አለች ማሪት።

ሎሬና ሌላ ድንጋይ ልታነሳ ጎንበስ ስትል፣ ግልገሉ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።